መርፌው ተነቅሎ ደሙ አልቆም ሲል፦ ስለ ፊስቱላ ጥበትና ያለ ቢላዋ ስለሚከፈትበት መንገድ

የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ ሰው አራት ሰዓቱን ጨርሶ ከማሽኑ ሲላቀቅ ነርሷ መርፌዎቹን ነቅላ ቦታውን በጎዝ ትይዝለታለች። ብዙውን ጊዜ አሥር ደቂቃ ያህል መጫን ይበቃል። አንዳንዱ ግን ሃያ ደቂቃ ይዞም አይቆምለትም። ጎዙ ይቀየራል፣ ያኛውም ይርሳል። ያኔ የሚሰማው ንግግር በየእጥበት ክፍሉ ያው ነው።

«ሲስተር፣ ደሜ ቀጥኗል መሰለኝ።»

«መድኃኒቱ ነው ጋሼ፣ ትንሽ ጠበቅ አርገው ይያዙት።»

ሲስተር ያለችው እውነት ሊሆን ይችላል። ደሙ ማሽኑ ውስጥ እንዳይረጋ ሄፓሪን ይሰጣል፤ መጠኑ በዛ ካለ ደም አልቆም ይላል። ግን የሄፓሪኑ መጠን ያው ሆኖ፣ ሌላ ደም የሚያቀጥን ኪኒንም ሳይጀመር፣ ደሙ በተከታታይ እጥበቶች ላይ ካስቸገረ ነገሩ ሌላ ነው። ፊስቱላው፣ ማለትም ለእጥበት ተብሎ ክንድ ላይ በቀዶ ሕክምና የተገናኘው ደም ስር፣ ከመርፌው በላይ፣ ደሙ ወደ ልብ በሚመለስበት መንገድ ላይ ጠቧል ማለት ሊሆን ይችላል። መሄጃ ያጣ ደም በመርፌው ቀዳዳ ይወጣል።

ይህ ጥበት በጊዜ ከተደረሰበት ብዙ ጊዜ ያለ ቀዶ ሕክምና ይከፈታል። በቀጭን ቱቦና ጫፉ ላይ ባለ በሚነፋ ትንሽ ፊኛ ነው የሚሠራው፤ ታካሚው ነቅቶ፣ እያወራ። ባሕር ዳር ለሚታጠብ ሰው ግን «በጊዜ» የምትለዋ ቃል ከባድ ናት። የእጥበት ማሽን ያለበት ከተማ ሁሉ ይህን የሚሠራ ባለሙያና ክፍል አለው ማለት አይደለም። ስለዚህ ችግሩን ቀድሞ ማወቅ የታካሚውና የቤተሰቡም ሥራ ነው ባይ ነኝ።

ከመሠረቱ እንነሳ። ማሽኑ ብዙ ደም ይፈልጋል። በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ቢስብ በአራት ሰዓት ውስጥ 72 ሊትር በማጣሪያው ያልፋል። አንድ ሰው ያለው ደም በጠቅላላ 5 ሊትር ገደማ ነው፤ ያው ደም ደጋግሞ ይዞራል ማለት ነው። ለላብራቶሪ ደም የሚቀዳበት ተራ ደም መልስ (ደም ወደ ልብ የሚመልስ ስር) ይህን ያህል መስጠት አይችልም። ደም ከልብ የሚያመጣው ደም ቅዳ በቂ ግፊት አለው፣ ነገር ግን ጠለቅ ብሎ ነው የሚገኘው፤ በየሳምንቱ በወፍራም መርፌ የሚወጋ ነገርም አይደለም።

ይህ ጣጣ ከማሽኑ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ በ1943 እ.ኤ.አ. በጦርነቱ መካከል ማሽኑን ሲሠራ ለማጣሪያነት የተጠቀመው ለቋሊማ መጠቅለያ የሚሆነውን ሴሎፎን ነበር። ማጣሪያው ሠራ። ደም ስሩ ነው ያለቀው፤ በእያንዳንዱ እጥበት አዲስ ቦታ መፈለግ ነበረበት። በ1960 ሲያትል ላይ ቤልዲንግ ስክሪብነር ከቴፍሎን የተሠራ ቱቦ ታካሚው ክንድ ላይ አስቀምጦ መተው ጀመረ። በ1966 ደግሞ ብሬሽያ፣ ቺሚኖና ባልደረቦቻቸው ኒው ዮርክ ውስጥ የሠሩትን አሳተሙ፦ ደም ቅዳውን ከጎኑ ካለው ደም መልስ ጋር ሰፍቶ ማገናኘት። ፊስቱላ የምንለው ይኸው ነው። ባዕድ ነገር የለበትም። የደም ቅዳው ግፊት ደም መልሱ ውስጥ ሲገባ ደም መልሱ በሳምንታት ውስጥ ይሰፋል፣ ግድግዳውም ይወፍራል። የበሰለ ፊስቱላ በደቂቃ 600 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ያሳልፋል።

ደም ስራቸው ለዚህ የማይመች ሰዎች ግራፍት የሚባል ሰው ሠራሽ ቱቦ ከቆዳቸው ሥር ይቀበርላቸዋል። ብዙ ሰው ደግሞ በድንገት ታሞ ስለሚገባ በአንገት ካቴተር፣ ማለትም ትልቅ ደም ስር ውስጥ ገብቶ በሚቀመጥ ቱቦ፣ ይጀምራል። ስለ ካቴተሩ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ጣጣው ከወጣም በኋላ አይለቅም።

አሁን ወደ ጥበቱ። የፎገራን ሜዳ በበጋ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከርብ ወይም ከጉማራ ወንዝ በሞተር ውሃ እየሳበ ሽንኩርት የሚያጠጣ ገበሬ ሁለት ዓይነት ብልሽት ያውቃል። መሳቢያው ጎማ ከተደፈነ ሞተሩ ይጮሃል፣ ውሃ የለም፣ ጎማው ይጨመቃል። መውጫው ጎማ ከታጠፈ ግን ጎማው ይወጠርና በየመገጣጠሚያው ይተፋል። ፊስቱላም የሚታመመው በእነዚሁ ሁለት መንገዶች ነው።

የመግቢያው ጥበት አብዛኛውን ጊዜ ከስፌቱ አጠገብ ነው፤ አንጓ ላይ የተሠራ ፊስቱላ ላይ ይበዛል። ፊስቱላው ይልፈሰፈሳል፣ ንዝረቱ ይደክማል፣ መርፌ ማስገባት ያስቸግራል። ማሽኑ የሚስበው አጥቶ ደጋግሞ ይጮሃል፤ ነርሷ ፍጥነቱን ትቀንሳለች። ፍጥነቱ ሲቀንስ ጩኸቱ ይቆማል፣ እጥበቱ ግን ጎደሎ ይሆናል። ታካሚው የሚያውቀው ምግብ ሲያስጠላው፣ ሰውነቱ ሲያሳክከውና ሲዝል ነው።

የመውጫው ጥበት ተቃራኒውን ያሳያል። ፊስቱላው ይወጠራል። በመንዘር ፈንታ እንደ ልብ ምት ድም ድም ይላል። ማሽኑ ላይ ደም የሚመለስበት ግፊት ከሳምንት ሳምንት ከፍ ይላል። መርፌ ሲነቀል ደም አይቆምም። ደጋግሞ የሚወጋበት ቦታ እያበጠ ይሄዳል። የላይኛው ክንድ ላይ የተሠራ ፊስቱላ ከሆነ ጥበቱ ብዙ ጊዜ ትከሻ አጠገብ ነው፤ ደም ስሩ ታጥፎ ወደ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ።

ለምን ይጠባል? ሰው ሁሉ «ቅባት ነው» ይላል። የልብ ደም ስር ታሪክ ሰምቶ ነው። እዚህ ቅባት አይደለም። ደም መልስ በተፈጥሮው ቀስ ያለ፣ ግፊቱ ዝቅ ያለ ደም የሚያስተላልፍ ስር ነው። ድንገት ኃይለኛና የሚሽከረከር ደም ሲወርድበት የውስጥ ግድግዳው ይቆጣል። ሴሎቹ ይባዛሉ፣ እንደ ጠባሳ ያለ ጠንካራ ሥጋ ይደራረባል። መርፌውም የራሱን ቁስል ይጨምራል። ስለዚህ ጥበቱ የታካሚው ጥፋት አይደለም፣ የሚከፍተውም የአመጋገብ ለውጥ አይደለም። ጠንካራ ጠባሳ መሆኑን ያዙልኝ፤ ፊኛው ለምን ብዙ ግፊት እንደሚፈልግና ለምን እንደሚደገም ያስረዳል።

ቤት ውስጥ የሚደረገው ምርመራ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ የሌላኛው እጅዎን ሦስት ጣቶች ስፌቱ ላይ በቀስታ ያሳርፉ። ንዝረት ሊሰማዎት ይገባል፤ ሳያቋርጥ የሚሄድ እንጂ የሚቆራረጥ አይደለም። ከዚያ ጣቶችዎን ቀስ እያሉ ወደ ላይ፣ ወደ ብብት ያሳልፉ። ንዝረቱ ቀስ በቀስ መድከሙ ጤነኛ ነው። አንድ ቦታ ላይ ድንገት ተለውጦ ከታች ኃይለኛ ምት፣ ከላይ ምንም ከሆነ ጣትዎ ጥበቱ ላይ ነው። ከዚያ ክንድዎን ወደ ጆሮዎ ያስጠጉ። ጤነኛው ወፍራምና ተከታታይ ድምፅ አለው፤ ጥበት ያለበት ይቀጥንና ያፏጫል። በመጨረሻ ክንድዎን ከልብዎ በላይ ያንሱ። ጤነኛ ፊስቱላ ይረግባል። ተነስቶም ተወጥሮ ከቀረ መውጫው ላይ ችግር አለ ማለት ነው። ይህቺ ክንድ የማንሳት ነገር ገንዘብም ማሽንም አትጠይቅም፤ የእጥበት ክፍል ግድግዳ ላይ ሁሉ ብትለጠፍ ደስ ይለኛል።

ንዝረቱ ከነጭራሹ ከጠፋ ደም ረግቶበታል ብለው ይነሱ። ነገ የእጥበት ቀኔ ነው ብለው አይደሩ፤ ያኑ ሰዓት ይደውሉ። ወጌሻ ጋ ሄዶ ማሳሸት ደግሞ በፍጹም አይሆንም። የረጋ ደም ሊለቅና ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል።

ደም የሚረጋው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የጠበበ ቦታ ላይ የደም ግፊት ሲወርድ ነው። እጥበት ላይ ብዙ ፈሳሽ ተወስዶ ራስን ሳቱ ሳቱ ያለ ቀን፣ ተቅማጥና ትውከት ያለበት ሳምንት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀመስ የሚዋልበት ጾም፤ በእነዚህ ቀናት ክንድዎን ማታም ይዳስሱ። ጾሙን ከንስሐ አባትዎና ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩበት። በዚያ ክንድ ላይ ግፊት አያስለኩ፣ ደም አያስቀዱ፣ ጠባብ ሰዓት አይሰሩ፣ ተንተርሰውትም አይተኙ።

ሐኪሙ ጋ ሲደርሱ መጀመሪያ እጁ ነው የሚሠራው፤ ከዚያ ዶፕለር አልትራሳውንድ የደሙን ፍጥነትና የጥበቱን ቦታ ያሳያል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ጥበት መኖሩ ብቻውን ፊኛ አያስፈልገውም። ሥዕሉ ላይ ጥበት ታይቶ እጥበቱ ደህና እየሄደ፣ ንዝረቱም ጥሩ ከሆነ በብዛት መከታተል ይመረጣል። በየጊዜው ያለ ምክንያት መንፋትም ራሱ ደም ስሩን ያቆስላል። ከግማሽ በላይ የጠበበና ምልክት ያመጣ ጥበት ነው የሚከፈተው።

ሕክምናው እንዲህ ነው። ታካሚው በጀርባው ይተኛል፣ ክንዱ ይዘረጋል፣ በጸረ ተሕዋስ ይታጠባል። ቆዳው ላይ ማደንዘዣ ይወጋል፤ ያቺ ናት ዋናዋ መርፌ። ከዚያ እንደ እጥበቱ ሁሉ ፊስቱላው ይወጋና አጭር ቱቦ ይገባል። በቱቦው ቀለም ይረጫል። ይህ ቀለም በራጅ ሲታይ ደም ስሩን ከአንጓ እስከ ደረት ስክሪን ላይ ያወጣዋል። ሲረጭ ክንድ ሞቅ ይላል። ጥበቱ ስክሪኑ ላይ ሲታይ ማንም ሊለየው ይችላል፤ ሰፊው መንገድ ድንገት ክር ያክላል።

ሐኪሙ በጣም ቀጭን፣ ጫፉ ለስላሳ የሆነ ሽቦ በጥበቱ ያሳልፋል። ይህ ነው ትዕግሥት የሚፈጀው። ሽቦው ካለፈ ፊኛው በሽቦው ላይ እየተንሸራተተ ጥበቱ መሃል ይቀመጣል። ፊኛው በአየር አይነፋም፤ ቀለም በተቀላቀለ ፈሳሽ ነው የሚሞላው፣ ስክሪኑ ላይ እንዲታይ። መጀመሪያ ወገቡ ላይ ታንቆ ይታያል። ግፊቱ ሲጨምር፣ አንዳንዴ ከ20 አትሞስፌር በላይ ሲደርስ፣ ያ ጠባሳ ይለቅና ወገቡ ይጠፋል። አንድ ሁለት ደቂቃ እንደተነፋ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ያማል፤ አያምም ብዬ አልዋሽም። ደም ስሩ ሲለጠጥ የሚሰማ ሕመም ነው፣ ፊኛው ሲረግብ አብሮ ይሄዳል። እንደገና ቀለም ይረጫል። የቀረው ጥበት ከ30 በመቶ በታች ከሆነ ሥራው ተሳክቷል። ቱቦው ወጥቶ አንድ ስፌት ይደረጋል። ሁሉም ነገር ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው፤ በዚያው ቀን ወደ ቤት ይሄዳሉ፣ በዚያው ፊስቱላም መታጠብ ይቻላል። አዲስ ፊስቱላ ግን ተሠርቶ እስኪበስል ሳምንታት መጠበቅ አለበት። የፊኛው ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። አሜሪካዊው ቻርልስ ዶተር በ1964 እ.ኤ.አ. የአንዲት የ82 ዓመት ሴት የእግር ደም ስር በቱቦ ከፈተ፤ እግራቸው እንዲቆረጥ ተወስኖ ነበር። በ1970ዎቹ አንድሪያስ ግሩንትሲግ ዙሪክ ላይ ፊኛውን ጨመረበት። ለፊስቱላ የዋለው ከዚያ በኋላ ነው።

ከመግባትዎ በፊት የሚናገሯቸው ነገሮች አሉ። ቀለሙ አዮዲን አለበት፤ ከዚህ በፊት አለርጂ ካስነሳብዎ ይናገሩ። አሁንም ሽንት የሚሸኑ ከሆነ ይናገሩ፤ የቀረችውን የኩላሊት አቅም ቀለሙ እንዳይጎዳት መጠኑ ይቀነሳል ወይም በአልትራሳውንድ እየታየ ይሠራል። ፊስቱላው ቀልቶ፣ ግሎ ወይም መግል ይዞ ከሆነም አይደብቁ፤ ኢንፌክሽኑ መጀመሪያ መታከም አለበት። ጉዳት አይጠፋም፤ አልፎ አልፎ ደም ስሩ ሊቀደድ ይችላል። ብዙ ጊዜ ፊኛውን እዚያው ነፍቶ በመያዝ ወይም ሽፋን ያለው ስቴንት (ደም ስሩን ከውስጥ ደግፎ የሚይዝ የሽቦ መረብ ቱቦ) በማስቀመጥ ይቆማል።

ለሰው የማይነገረው ነገር ጥበቱ መመለሱ ነው። ፊኛው ጠባሳውን ሰነጠቀው እንጂ አላወጣውም፤ የተሰነጠቀውም ሲድን እንደገና ይወፍራል። በተራ ፊኛ ከተከፈቱት ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ድጋሚ ይፈልጋሉ። ቤተሰብ ይህን ካልሰማ ሁለተኛው ሪፈር ሲጻፍ «ያኔ አበላሽተውት ነው» ይላል። ላይሆን ይችላል። ጥበቱ እንዳይመለስ የሚያዘገይ ፓክሊታክሴል የተባለ መድኃኒት የተቀባ ፊኛ አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. በታተመ፣ 330 ታካሚዎችን በያዘ ጥናት ላይ ከስድስት ወር በኋላ መድኃኒት ከተቀባው ወገን 82 በመቶው ድጋሚ ሕክምና ሳያስፈልገው ቆይቷል፤ ከተራው ወገን 60 በመቶ ገደማ። ዋጋው ግን ከተራው በጣም ይበልጣል። ስቴንት ደግሞ ፊኛው አልይዝ ባለበት ወይም ቶሎ ቶሎ በሚጠብበት ቦታ ይቀመጣል፤ አንዴ ከገባ አይወጣም፣ መርፌ በሚወጋበት ቦታም አይመከርም። ስፌቱ አጠገብ ያለ ጥበት አንዳንዴ ትንሽ ከፍ ብሎ እንደገና በመስፋት የተሻለ ይፈታል። ቀዶ ሐኪም ይህን ካለዎት ወደ ኋላ የቀረ ነው ብለው አይናቁት።

ደም ረግቶ ፊስቱላው ከተዘጋም ተስፋ አለ። የረጋውን የሚያሟሟ መድኃኒት በቱቦ ይሰጣል፣ ወይም ይሳባል፣ ይፈጫል፤ ከዚያ መዘጋቱን ያመጣው ጥበት በፊኛ ይከፈታል። ጥበቱ ካልተከፈተ መዘጋቱ በቀናት ውስጥ ይመለሳል። በ48 ሰዓት ውስጥ ቢደረስበት ይመረጣል። በቆየ ቁጥር የረጋው ደም ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል።

ስለ ካቴተሩ የገባሁትን ቃል ላንሳ። ካቴተር የተቀመጠበት ትልቅ ደም ስር ውስጥም ያው ጠባሳ ይፈጠራል፤ ከትከሻ ወደ ደረት ከሚሄደው አጥንት ሥር የሚገባው በተለይ። ካቴተሩ ወጥቶ ከዓመት በኋላ በዚያ በኩል ፊስቱላ ሲሠራ ክንዱ በሙሉ ያብጣል፣ ደረት ላይ ደም ስሮች ይወጣሉ። ይህም በፊኛ ይሞከራል፣ ግን ቶሎ የሚመለስ ዓይነት ነው። ስለዚህ ካቴተር የግድ ከሆነ አንገት ላይ፣ በተቻለ በቀኝ በኩል እንዲሆን ይጠይቁ። ኩላሊትዎ እየደከመ መሆኑ ቀድሞ ከታወቀ ደግሞ ማሽን ላይ ሳይደርሱ ፊስቱላ ያሠሩ። ጸበል የሚጠመቁ ካሉ፣ ካቴተሩ ውሃ እንዲነካው አይፍቀዱ፤ የሚጠጡትም ከዕለት የፈሳሽ መጠንዎ ውስጥ ይቆጠር።

አሁን መንገዱ። ሪፈር ወደ አዲስ አበባ ከተጻፈ ከባሕር ዳር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ዓባይ በረሃን ወርዶ መውጣት ያለበት የአንድ ቀን መንገድ። ፊስቱላው የተዘጋበት ሰው ፈጥኖ አውቶቡስ ላይ መውጣት ይቃጣዋል። መጀመሪያ ደሙ ይመርመር። እጥበት ያለፈበት ሰው ደሙ ውስጥ ፖታሲየም ይጠራቀማል፤ ከበዛ ልብን ያቆማል፣ ብዙ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ። ፖታሲየሙ ከፍ ካለ ወይም ትንፋሽ ካጠረ እዚሁ ጊዜያዊ ካቴተር ገብቶ አንዴ ታጥቦ መሄድ ነው። በመንገድም ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ቲማቲምና ድንች አይብሉ። መንገደኛ ጎንደሬም ሆነ ጎጃሜ «ብላ፣ አቅም ይሆንሃል» ማለቱ አይቀርም፤ አመስግነው ይለፉ።

አዲስ አበባ ስንት ቀን እንደሚያስጠብቅ አይታወቅምና እጥበት የሚያገኙበትን ቦታ ሳይነሱ በስልክ ይያዙ። የሄፓታይተስና የኤች አይ ቪ ውጤትዎን ይዘው ይሂዱ፤ ያለዚያ ማሽን ላይ አያወጡዎትም። ከነርሷ አንድ ወረቀት ያስጽፉ፦ ፊስቱላው መቼ እንደተሠራ፣ ካቴተር በየትኛው በኩል እንደነበረ፣ የመጨረሻ እጥበትዎ ቀን፣ ደረቅ ክብደትዎ (ትርፍ ፈሳሽ ወጥቶ የሚቀረው)፣ ማሽኑ ላይ የሚታየው ግፊት ባለፉት ሳምንታት እንዴት እንደተለወጠ፣ የሚወስዱት ኪኒን። ሲመለሱ ደግሞ የተነሣውን ሥዕል በሲዲ ወይም በስልክዎ ይቀበሉ። የትኛው ቦታ፣ በስንት ሚሊ ሜትር ፊኛ፣ በየትኛው ቀን እንደተከፈተም ያጽፉ። በሚቀጥለው ጊዜ ደሙ አልቆም ሲል ሐኪሙ ከዚያ ይነሳል።